የስፓኒሽ መደበኛ ግሥ በኃላፊ ጊዜ፦ የተሳካልኝ የአረባብ መንገድ

እርባታውን በሰንጠረዥ ሳየው ግልጽ ነው፤ ንግግር ሲጀመር ግን «ተናገርኩ» እና «ተናገረ» ይምታታሉ።

መጀመሪያ ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ሸመደድኩ። «ተናገሩ» ለማለት ከ«ተናገርኩ» ጀምሮ መቁጠር ስለሚያስፈልግ አልጠቀመም። ቀጥሎ አንኪ በተባለው መተግበሪያ ካርዶች አዘጋጀሁ፤ ለንባብ ረዳኝ፣ ለአፍ ግን አልሆነም። በፊደላችን መጻፉም አያዋጣም፦ «አብሎ» የሚለው «እናገራለሁ»ም «ተናገረ»ም ይሆናል። የሚለያቸው የድምፅ ጫናው ነው፤ «አብ» ላይ ካረፈ የአሁን፣ «ሎ» ላይ ካረፈ ያለፈ።

የሠራው ይህ ነው። «አብላር» (መናገር) ከሚለው «አር»ን ቆርጬ በቀረው ላይ ቅጥያውን ቀጠልኩ፦ አብሌ (ተናገርኩ)፣ አብላስቴ (ተናገርክ/ተናገርሽ)፣ አብሎ (ተናገረ/ተናገረች)፣ አብላሞስ (ተናገርን)፣ አብላሮን (ተናገሩ)። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት በኃላፊ ጊዜ አንድ ዓይነት ቅጥያ ስላላቸው አብሬ አጠናኋቸው፦ ከ«ኮሜር» (መብላት) በዚያው ቅደም ተከተል ኮሚ፣ ኮሚስቴ፣ ኮሚዮ፣ ኮሚሞስ፣ ኮሚዬሮን፤ «ቢቢር»ም (መኖር) እንዲሁ። ስለዚህ የሚጠኑት ሁለት ረድፎች ብቻ ናቸው። (በስፔን ለ«እናንተ» «አብላስቴይስ» ይባላል፤ በላቲን አሜሪካ አያስፈልግም።)

ከዚያ «አብሌ» እና «አብሎ»ን ጥንድ ጥንድ እያደረግሁ፣ ፊታቸው «አዬር» (ትናንት) እየጨመርኩ፣ ጫናውን መጨረሻ ላይ አሳርፌ በስልክ ድምፄን ቀዳሁ። መልሶ መስማቱ ነው ልዩነቱን ጆሮዬ ውስጥ ያስገባው። ተውላጠ ስሙንም ተውኩት፤ እንደ አማርኛችን «ተናገርኩ» ባለቤቱን ቅጥያው ራሱ ይናገራል።

«አብላሞስ» እና «ቢቢሞስ» በአሁንም በኃላፊም ጊዜ አንድ ናቸው። እዚያ ጊዜውን የሚለየው እንደ «አዬር» ያለው ቃል ነው።