ካርታው በአንዱ ስም የወጣ የባልና ሚስት ቤት፦ መብቱን ማስጠበቂያ መንገድ

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከልክሎ “ትርፍ ቤት” ተወርሷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 40 የመንግሥትን እጅ ወስኖታል። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በጉልበት ወይም በገንዘብ የተሠራው ቤት ግን የሠሪው ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈላል። አንቀጽ 34 ደግሞ ባልና ሚስትን በጋብቻ ዘመንም በፍቺም እኩል ያደርጋቸዋል።

መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ ይለዩ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በጋብቻ ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ቤት የግል ነው። ሌላው ሁሉ፣ ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል (አንቀጽ 63)፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ያስረዳል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ የግል ቤት ሸጦ በገንዘቡ ሌላ የገዛ ሰው አዲሱ ቤት የግል እንዲባልለት ፍርድ ቤት ጠይቆ ማስወሰን አለበት (አንቀጽ 58)። የግል ቤት ኪራይም ቢሆን የጋራ ገቢ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአንቀጽ ቁጥሩን እዚያው ያመሳክሩ።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የግዢ ውል፣ የባንክ ክፍያና የግንባታ ደረሰኝ ቅጂ ከቤት ውጭም ያስቀምጡ። ውጭ አገር ያለ የትዳር ጓደኛ ውክልና ሲሰጥ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር እንጂ ለሽያጭ እንደማይበቃ ይወቅ። “መሸጥ” ወይም “በዋስትና ማስያዝ” የሚል ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። መሸጥ ካላሰቡ ቃሉን አያስገቡት።

የጋራን ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም ለማስያዝ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል (አንቀጽ 68)። አንዱ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አቅርቦ ለብቻው ቢሸጥ፣ ሌላው ውሉ እንዲፈርስ ይከሳል። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ በማንኛውም ሁኔታ ከውሉ ቀን 2 ዓመት። የሽማግሌ ድርድር ይህን ጊዜ አያቆመውም፤ ስለዚህ ክሱን አስገብተው ይደራደሩ። ከክሱ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 የእግድ ማመልከቻ በቃለ መሃላ አስደግፈው ያቅርቡ። ትእዛዙ ሲሰጥም ስም ዝውውር ወደሚፈጽመው ጽሕፈት ቤት መድረሱን ያረጋግጡ፤ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ የቀረ እግድ ዝውውሩን አያስቆምም።

የጋራ ቤት ለልማት ሲነሣ ካሳውም የጋራ ነው። ስሙ በካርታው ላይ የሌለው ወገን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የጋብቻ ማስረጃ አያይዞ ለከፋዩ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክት፤ ማመልከቻው የተቀበሉበት ማኅተም ያለበትን ቅጂም ይያዝ።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34)። ያልፈቀደ ወገን ተቃውሞውን በመጀመሪያው ቀጠሮ ያስመዝግብ።

ሕጉ ራሱ ወይም የመጨረሻው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል አቤቱታ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይቀርባል፤ የመጨረሻ ቃል ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። “ምስክሬ አልታመነልኝም” የሚል ቅሬታ ግን የይግባኝ ጉዳይ ነው።