የሱዙኪ ኤስጄ ሻንሲ ከተራዘመ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አጭሩ የሱዙኪ ኤስጄ (የአራት ጎማ ማርሽ ያለው ትንሽ መኪና) ሞዴል፣ 410ም ሆነ 413፣ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 2030 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ረጅሙ ሞዴል ደግሞ 2375 ሚሊሜትር አለው። ስለዚህ ሻንሲ (የመኪናውን አካል የሚሸከመውን የብረት አጽም) ለማስረዘም የሚያስብ ባለቤት፣ በሁለቱ መካከል ያለው 345 ሚሊሜትር ፋብሪካው የሠራበት ወሰን መሆኑን አውቆ ከዚያ ባያልፍ እመክራለሁ። የመኪናው የመዞሪያ ስፋት በ17 በመቶ ገደማ መጨመሩና ሆዱ ጉብታ ላይ በቀላሉ መቀመጡ የርዝመቱ ባሕርይ እንጂ ብልሽት አይደለም። ከዚህ በታች የቀረቡት በሥራ ጥራት ጉድለት የሚመጡት ናቸው፤ የጎማ ንፋስ፣ የጎማ ባላንስና የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩ የሚቀመጥበት ላስቲክ) አስቀድመው እንደተፈተሹ እወስዳለሁ።

በሰዓት ከ60 ኪሎሜትር በላይ ሲነዳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይህ ነው። ባለቤቱ ጎማ ቀይሮ፣ ባላንስ አሠርቶ፣ አንዳንዱም የዲፈረንሻል ኩሽኔታ አስለውጦ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ይመጣል። ከሻንሲው ጋር አብሮ የተራዘመው የኋላ ካርዳን (ጉልበቱን ወደ ኋላ አክስል የሚወስደው ዘንግ) መጀመሪያ መታየት እንደነበረበት የነገረው ሰው የለም።

ምክንያቱን ለመለየት መኪናው በሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ላይ ማርሹን ፎሌ (ኒውትራል) ያድርጉ። ንዝረቱ ካልጠፋ ሞተሩ ነጻ ነው። ቀጥሎ የኋላውን ካርዳን ፈትተው ያውጡና የፊት ሞዞዎችን (የጎማ መገናኛዎችን) ቆልፈው፣ በከፍተኛው የአራት ጎማ ማርሽ፣ ቀጥ ባለ የጠጠር መንገድ ላይ ጥቂት ይንዱ። ንዝረቱ ከጠፋ ጥፋተኛው በእጅዎ ያለው ካርዳን ነው። ካርዳኑ በወጣበት ጊዜ መኪናው ሲቆም ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ሳይደረግ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ።

የካርዳኑ ጥፋት ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። የመጀመሪያው የሹካዎቹ፣ ማለትም በካርዳኑ ጫፎች ያሉት መያዣዎች፣ አቀማመጥ ነው። ክሮቸራ (ሹካዎችን የሚያገናኘው የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ) በማዕዘን ሲሠራ የሚነዳው ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቸራ ይህንን መዋዠቅ የሚያጠፋው የካርዳኑ ሁለት ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑና የሁለቱም ጫፎች ማዕዘን እኩል ሲሆን ብቻ ነው። በያጁ ቱቦውን ቆርጦ ሲቀጥል ሹካዎቹን በዓይን ግምት ካስተካከለ መዋዠቁ እንዳለ ይቀራል። አንድ ደንበኛ ለወራት ያለ ችግር የነዳው መኪና ግራሶ ከተደረገለት ማግስት ጀምሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ ብሎ አመጣው፤ የግራሶው ሠራተኛ ካርዳኑ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያደርገውን ተንሸራታች መገጣጠሚያ አውጥቶ ሲመልስ ጥርሱን አዛንፎት ነበር። ከመፍታት በፊት በሁለቱም በኩል በቀለም ምልክት ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው፤ የማያደርገው መካኒክ ካርዳን ባይነካ ይሻላል።

ሁለተኛው ቱቦው ራሱ ነው። የውሃ ቧንቧ ቆርጠው መሀል ላይ የሚቀጥሉ አሉ፤ ይህን በጽኑ እቃወማለሁ። የውሃ ቧንቧ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አይደለም፣ ለመጠምዘዝም አልተሠራም። እንዲህ ያለ ካርዳን የጣርማ በርን ዳገት በከባድ ማርሽ ሲወጣ ብየዳው ላይ ተጠምዝዞ የተቀደደበት መኪና ተጎትቶ መጥቶልኛል። ደግነቱ የተበጠሰው በዝግታ በሚሄድበት ጊዜ ነው፤ የፊተኛው ጫፍ በፍጥነት ላይ ወድቆ አስፋልት ላይ ቢሰካ መኪናውን ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ረጅም ካርዳን ያለው መኪና ሁሉ ከፊተኛው ክሮቸራ ኋላ በብረት ቀለበት መያዝ አለበት። ትክክለኛው መፍትሄ ከሶማሌ ተራም ቢሆን ያገለገለ፣ ግን ያልተጣመመ የረጅሙን ሞዴል ካርዳን ፈልጎ መግጠም ነው። ካልተገኘ ቱቦው በሙሉ በአንድ ወጥ የካርዳን ቱቦ ይቀየራል እንጂ መሀሉ አይቀጠልም። ከቶርኖ ቤት ሲመለስ መሀሉ ላይ በዲያል ጌጅ ይለካ፤ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ የሚወላገድ ከሆነ አይቀበሉት። ርዝመቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ያደገ ዘንግ እየጎበጠ መወዛወዝ የሚጀምርበት ፍጥነት ከቀድሞው ከግማሽ በታች እንደሚወርድም አይርሱ፤ ቀጭን ቱቦ ለዚህ አይሆንም።

ቶርኖ ቀጥተኛነትን እንጂ ባላንስን አያስተካክልም። የካርዳን ባላንስ ማሽን ከሌለ በፋሼታ (በቪት የሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) መሥራት ይቻላል፦ በዲፈረንሻሉ በኩል ካለው ጫፍ አጠገብ ፋሼታ አስረው፣ የፋሼታውን ጭንቅላት በየሩብ ዙሩ እያዞሩ ንዝረቱ የሚቀንስበትን ቦታ ይፈልጉ። ቦታው ሲታወቅና ክብደቱ ሲያንስ ሁለተኛ ፋሼታ ይጨምሩ፤ ሲበዛ ሁለቱን ጭንቅላቶች ግራና ቀኝ እያራራቁ ያስተካክሉ። ይህ ሲሠራ መኪናው በክሪክ ላይ ሳይሆን አክስሉ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ፤ እጅጌ የሚንጠለጠል ልብስ የለበሰ ሰው አይጠጋ፤ ካርዳኑ ፈጽሞ ሳይቆም እጅ ከሥር አይግባ።

ሦስተኛው ማዕዘን ነው። ንዝረቱ ነዳጅ ሲሰጥ ከብዶ ሲለቀቅ የሚቀል ከሆነ ወይም በተቃራኒው፣ ወደዚህ ይመልከቱ። የባሌስትራው (አክስሉን የሚይዘው የላሜራ ስፕሪንግ) የፊት መያዣ ወደ ኋላ ተወስዶ ሲበየድ ከፍታው ከተዛባ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ካርዳኑ የሚታሰርበት ጫፍ) ያጋድላል፤ አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ባሌስትራ ላይ የ20 ሚሊሜትር ስህተት ከአንድ ዲግሪ ይበልጣል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ በጎማው ቆሞ የትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው ሳጥን) እና የዲፈረንሻሉ ማዕዘን ይለካ፤ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ እንዳይበልጥ። ባሌስትራ በጉልበት ጊዜ አፍንጫውን ወደ ላይ ስለሚያነሣ፣ ሲቆም ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢገኝ ይመረጣል። ማስተካከያው በባሌስትራና በአክስል መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው። የአሉሚኒየሙ ይደቀቃል፤ ከዚያ የባሌስትራው ማሰሪያ ይላላል፣ አክስሉም ይንሸራተታል።

ማርሽ ሲገባ ኳ የሚል ድምፅ

ካርዳኑ አጥሮ ተንሸራታቹ በጥርሱ ጫፍ ብቻ ተይዟል፣ ወይም የፍላንጁ ቦሎኒዎች ላልተዋል። መኪናው በቆመበት ሁኔታ ተንሸራታቹ ወደ ውስጥ የሚገባበት 25 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ይቅርለት። ቦሎኒው ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን።

ሻንሲው ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል

ምክንያቱ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ፊት ለፊት መበየዱ ነው። ስንጥቁ ላይ ብየዳ መደረብ መልሶ መሰንጠቅን ይጋብዛል። የስንጥቁ ጫፍ በድሪል ይበሳ፣ ስንጥቁ እስከ ሥሩ ተፍቆ በደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ ይሞላ፣ ከዚያ ጫፎቹ ሹል የሆኑ የማጠናከሪያ ላሜራዎች በሁለቱም ጎን ይበየዱ። አዲስ ሥራ ከሆነ ሻንሲው በሰያፍ ተቆርጦ ከውስጥ እጅጌ ይግባለት፤ መጋጠሚያውም ከባሌስትራ መያዣ ይራቅ። የነዳጅ ሳልቫቶዮ ሳይወርድ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ሳይነቀል ብየዳ አይጀመር። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ አይነካ።

መኪናው ወደ ጎን አጋድሎ ይሄዳል

አክስሉ ተዛንፏል። ከፊት ባሌስትራ መያዣ እስከ ኋላ አክስል ያለውን ርቀት በሰያፍ በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ፤ እኩል እስኪሆን መያዣው ተፈትቶ ይበየድ። አላይመንት ማሠራት ይህንን አያስተካክልም።

ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል

የኋላው የፍሬን ቱቦ በተገጣጠመበት ቦታ አየር ይስባል ወይም ያንጠባጥባል። በመሀል የተቀጠለ ቱቦ አውጥቼ እጥላለሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነ፣ ጫፎቹ በመሣሪያ የተከፈቱ የፍሬን ቱቦ ይግባ። የፍሬና ማኖ ገመድም በረጅሙ ሞዴል ገመድ ይቀየር እንጂ በሽቦ አይቀጠል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ በከተማ ውስጥ በዝግታ ሳይፈተሽ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት እንዳይወርድ። ከመጀመሪያው 500 ኪሎሜትር በኋላ የካርዳኑና የባሌስትራው ቦሎኒዎች በሙሉ እንደገና ይጥበቁ።