የጥቁሮች ታሪክ ወር በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፦ የመጻሕፍት ጠረጴዛና የፎቶ ስካን ቀን

የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ በዓል በጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር በካርተር ዉድሰን አነሳሽነት በፈረንጆቹ 1926 በሳምንት ተጀምሮ በ1976 ወር ሆነ። ወሩ ፌብሩዋሪ ስለሆነ በጃንዋሪ መነሳት መዘግየት ነው፤ መጻሕፍቱን በኦክቶበር እዘዙ።

ለአንድ ጠረጴዛ 30 መጽሐፍ ይበቃል። ሌላ 20 ግን ከጓዳ አስቀምጡ፤ ሰው እየተዋሰ ሲወስድ ጠረጴዛው ባዶውን ይቀራል። በካታሎጉም ቦታቸውን ቀይሩ፤ አለዚያ ፈላጊው ከመደርደሪያ ሲያጣቸው የጠፉ ይመስለዋል። ባርነትና ማርቲን ሉተር ኪንግ ብቻ አይሁን። በ1935 ከቺካጎ ኢትዮጵያ ሄዶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የበረረው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን፣ በ1937 ኒውዮርክ ላይ ኢትዮጵያን ለመርዳት የቆመውን የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት ዶክተር መላኩ በያን አሉ። አበሻ በበዛበት ሰፈር እነሱን መዝለል ያስቆጫል።

ዋናው ሥራ ግን ቤተሰቦች የድሮ ፎቷቸውን አምጥተው ስካን የሚደረግበት የፎቶ ስካን ቀን ነው። ለአንድ ቤተሰብ 10 ፎቶና 30 ደቂቃ መድቡ። በ600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ)፣ ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በቲፍ አስቀምጡ፤ ለባለቤቱ ቀለል ያለውን ፋይል፣ ጄፔጉን፣ በፍላሽ ስጡ። በሚያጣብቅ አልበም የተለጠፈውን በግድ አትላጡ፣ ምስሉ ተገንጥሎ ይቀራል፤ ፕላስቲኩን ገልጣችሁ ገጹን እንዳለ ስካን አድርጉ። ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ባለቤቱ ሳይነሳ ጠይቁ። ከወረቀት ፎቶ ጀርባ የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይዘልቃል። የፈቃድ ቅጹ ከስካኑ በፊት ይፈረም፤ ቤተሰቡ ከሄደ በኋላ ፊርማ ማሳደድ አድካሚ ነው፣ ያልተፈረመበትም ኢንተርኔት ላይ አይወጣም።