በኦንላይን ካርታ ርቀት እንዴት ይለካል? ስህተቱስ የሚገባው የት ላይ ነው?

ጎግል ማፕስ ላይ ሁለት ነጥብ ነክቶ ርቀት ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የወጣው ቁጥር ይታመናል ወይ ለሚለው ግን መልሱ እንደ አለካኩ ይለያያል። ስሌቱ ራሱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይስትም። ትልቁ ስህተት የሚገባው ነጥቡ ካረፈበት ቦታ፣ ከነጥቦቹ ማነስ እና ያልፈለጉትን ዓይነት ርቀት ከመጠየቅ ነው።

1. የትኛውን ርቀት እንደሚፈልጉ ይለዩ። የአቅጣጫ ማሳያው መንገድ ተከትሎ ይቆጥራል፣ መለኪያው ደግሞ ቀጥታ መስመር ይስባል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በቀጥታ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ከ500 ይበልጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአቅጣጫ ማሳያው ቁጥር የተጠጋጋ ስለሆነ ለአጭር ርቀት አይሆንም።

2. መለኪያውን ይክፈቱ። ኮምፒውተር ላይ ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ይቀይሩና መነሻው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር በእንግሊዝኛው «ሜዠር ዲስታንስ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ በየመታጠፊያው ይጫኑ። ነጥቡ ከሳተ ጎትተው ያስተካክሉት፤ እላዩ ላይ አንዴ ሲጫኑት ደግሞ ይጠፋል። ስልክ ላይ መነሻውን ጫን አድርገው ይያዙ፣ ቀይ ምልክቱ ሲመጣ ያንኑ አማራጭ ይምረጡ፤ ከዚያ ካርታውን እያንሸራተቱ የመደመር ምልክቱን ይንኩ። የጣት ውፍረት ስለሚያስቸግር ለጥንቃቄ ሥራ ኮምፒውተር ይሻላል።

3. ምስሉን እስከሚቻለው ድረስ አቅርበው ያጉሉ። የ20 ሜትር ርዝመት ሲለኩ በእያንዳንዱ ጫፍ 1 ሜትር ቢስቱ ስህተቱ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። በ20 ኪሎ ሜትር ላይ ያው 2 ሜትር ከቁጥር አይገባም። ሕንፃ ሲለኩ ጣሪያውን ሳይሆን ግድግዳው መሬት የሚነካበትን ይጫኑ፤ ምስሉ በሰያፍ የተነሳ ከሆነ የረጅም ፎቅ ጣሪያ ከእግሩ ብዙ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ይታያል። ሁለት ምስሎች የተጋጠሙበት ስፌት ካለም (መንገዱ ወይም አጥሩ ድንገት ተሰብሮ ያስታውቃል) መስመርዎ እሱን ባያቋርጥ ይመረጣል።

4. ርዝመቱ በሚታወቅ ነገር ይፈትሹ። ከሩጫ መም የተሻለ መፈተኛ የለም። ደረጃውን የጠበቀ መም ቀጥታው 84.39 ሜትር፣ የመታጠፊያው የውስጥ ጠርዝ ሬዲየስ 36.5 ሜትር ነው፤ 400 ሜትር የሚሞላው ከውስጥ ጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲለካ ነው። አንዱን መታጠፊያ (115.61 ሜትር) በ4 ቁራጭ መስመር ከለኩት 112.7 ያህል ይወጣል፣ 3 ሜትር ጎደለ ማለት ነው። በ8 ቁራጭ ጉድለቱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ በ12 ደግሞ ወደ 30። ቀጥታ መስመር ኩርባን ሁልጊዜ ስለሚያሳጥር የመንገድ ጠመዝማዛ ላይ ነጥብ አይቆጥቡ።

5. መሣሪያው ምድርን እንዴት እንደሚቆጥራት ይወቁ። ብዙ የድረ ገጽ መለኪያዎች ምድርን ፍጹም ድቡልቡል አድርገው ያሰላሉ። እውነተኛዋ ምድር ግን በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች ናት፤ የምድር ወገብ ሬዲየስ ከዋልታው በ21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለመፈተሽ ፍለጋው ላይ «9, 39» ብለው ይጻፉ (የመጀመሪያው ቁጥር ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው)፣ ቀጥሎም «10, 39»፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ይለኩ። ትክክለኛው 110.6 ኪሎ ሜትር ነው። 111.2 ወይም 111.3 ካነበቡ መሣሪያው በድቡልቡል ነው የሚያሰላው። በኢትዮጵያ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲለካ ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ያበዛል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ ባለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ትርፍ ይመጣል። ለሰፈር ሥራ ይርሱት።

ዳገትና ቁልቁለት ብዙ ሰው የሚፈራውን ያህል አያሳስቱም። መለኪያው ከፍታን አይቆጥርም፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን 10 በመቶ ተዳፋት ባለው መንገድ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተነበበው በእግር 1005 ሜትር ነው። በዓባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱን ከቀጥታው መስመር እጥፍ ገደማ የሚያደርገው ጠመዝማዛው እንጂ ቁልቁለቱ አይደለም።

የካርታውን ስክሪንሾት አትሞ በማስመሪያ መለካት ሌላው ወጥመድ ነው። እነዚህ ካርታዎች የሚሣሉት በመርካቶር ዘዴ ስለሆነ ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ይለጠጣሉ፦ አዲስ አበባ ላይ 1.2 በመቶ ብቻ፣ ስቶክሆልም ላይ ግን ወደ እጥፍ። መለኪያው ይህን በራሱ ያርማል፤ ማስመሪያ አያርምም።

የድሮ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ወረቀቶች ላይ ያለ የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ሲያስገቡም ይጠንቀቁ። እነሱ የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መነሻ ሥርዓት (የቦታ ቁጥሮች ከየት ተነስተው እንደሚቆጠሩ የሚወስን ስምምነት) ሲሆን ኦንላይን ካርታና ጂፒኤስ የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ሥርዓት ነው። ሳይቀየር የገባ ነጥብ ከቦታው ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ያርፋል።

የሩጫ መንገድ ለመለካት ደግሞ በመንገዱ መሀል አይሂዱ፤ ሯጭ የሚያቋርጠውን አጭሩን መስመር፣ ከኩርባው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይከተሉ። የስልክ ጂፒኤስ በገላጣ ሰማይ ሥር እንኳ 5 ሜትር ያህል ስለሚወዛወዝ ብዙ ጊዜ ርቀቱን ያበዛዋል፣ ስለዚህ የካርታውና የጂፒኤሱ ቁጥር ባይገጥሙ አይደንግጡ። ለእውቅና የሚቀርብ ውድድር ግን በካርታ አይለካም፦ ጎማው ላይ ጆንስ ቆጣሪ (የጎማውን ዙር የሚቆጥር መሣሪያ) በተገጠመለት ብስክሌት ይለካል፣ መንገዱ እንዳያጥርም በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመርበታል።