ሐይቅ ደርሶ መልስ፣ ባቲ ግን አዳር

ደሴ ለጥቂት ቀን የምትመጡ፣ ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐይቅን ለማየት ብላችሁ እዚያ አልጋ አትያዙ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ወጥታችሁ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ደርሳችሁ፣ ውሃው ዳር ዓሣችሁን በልታችሁ ሳይመሽ ደሴ ትገባላችሁ።

ባቲ ግን ሌላ ነው። ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው፣ ድምቀቱም በጠዋት። ሰኞ ጠዋት ከደሴ ልነሳ ካላችሁ መጀመሪያ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ኮምቦልቻ መውረድ አለ፣ ከዚያ መኪና መቀየር አለ፣ ሚኒባሱ ደግሞ ካልሞላ ንቅንቅ አይልም። እኔ አንዴ ሞክሬው ረዳቱ «ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው!» እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጠኝ። ስደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ የግመል ተራውም ሳስቷል።

ስለዚህ እሁድ ማታ ኮምቦልቻ እደሩ። ከዚያ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ቀለል አድርጋችሁ ልበሱ (የደሴን ሌሊት ግን ያለ ጋቢ እንዳትሞክሩት)። ሻንጣችሁን ያደራችሁበት አስቀምጡና በትንሽ ቦርሳ ሂዱ። ለመልስ ደግሞ ገበያተኛው ሁሉ አንዴ ከመውጣቱ በፊት መኪና ያዙ።