ለነርቭ ሕመም የካናቢስ ዘይት ከመቀበልዎ በፊት

በስኳር ሕመም፣ በአልማዝ ባለጭራ ወይም በሥጋ ደዌ የተጎዳ ነርቭ ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፤ አንዳንዱን ሰው ሌሊት የጋቢ ጫፍ ጣቱን ሲነካው እንኳ ያንገበግበዋል። ይህን ሕመም ተራ ማስታገሻ እምብዛም ስለማያበርደው፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ «የካናቢስ ዘይት ልላክልህ» ሲል ጅማ ያለው ታማሚ ቢጓጓ አይፈረድበትም።

ሆኖም ካናቢስን መያዝም ሆነ ወደ አገር ማስገባት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ጥቅሙም ቢሆን ጠባብ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 16 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው ከካናቢስ የሚሠራ መድኃኒት ከወሰዱት 21 ከመቶ፣ ማስመሰያውን (መድኃኒት የሌለበትን ማነጻጸሪያ) ከወሰዱት ደግሞ 17 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በጎንዮሽ ጉዳት ሳቢያ ያቋረጡት በአንጻሩ 10 እና 5 ከመቶ ነበሩ። በአብዛኞቹ ጥናቶች የተሞከረውም መጠኑ ተለክቶ አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት እንጂ ዘመድ ከሱቅ የሚገዛው ዘይት አልነበረም። ለዚህች ልዩነት ፖሊስ ጣቢያ መቆም አይገባም።

ይልቅስ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሲሄዱ ሕመሙ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚብስና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጽፈው ይያዙ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የሚወስዱ ከሆነ ስለ ቫይታሚን ቢ6 ይጠይቁ። ጫት የሚቅሙ ከሆነም ሳያፍሩ ይናገሩ (የጅማ ሐኪም በዚህ አይደነግጥም)፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና።

ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ሊያዝልዎ ይችላል። የድብርት መድኃኒት መሆኑን ሰምተው «እኔ አእምሮዬን አላመመኝም» ብለው አይቆጡ፤ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው በአነስተኛ መጠን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ለውጡ እስኪታወቅ ሳምንታት ይወስዳል፤ የአፍ መድረቁና የእንቅልፍ ስሜቱ ግን ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ብዙ ሰው ገና ሳይጠቅመው ይተወዋል። የልብ ሕመም፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም ሽንት የመከልከል ችግር ካለብዎ አስቀድመው ያሳውቁ፤ በራስዎ ፈቃድም በድንገት አያቁሙት። ካልተስማማዎ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም ዱሎክሴቲን የተባሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

እግርዎ በድንገት ከዛለ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።