የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሀዋሳ ላይ እየተስፋፋ መሆኑን በሲሙሌሽን ቀድሞ ማወቅ

ሠላሳ አርባ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሀዋሳ ውስጥ ቢታይ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋናው ጥያቄ ገዢዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ ነው የገዙት ወይስ እያንዳንዱ በየራሱ ምክንያት የሚለው ነው። እየተያዩ ከሆነ ነገሩ ይስፋፋል። ሲሙሌሽን፣ ማለትም ገበያውን በኮምፒውተር አስመስሎ ማሄድ፣ ሁለቱ ዓይነት ገበያዎች ገና ሲጀምሩ በምን እንደሚለያዩ ያሳያል።

በነፃ የሚገኘው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ኔትሎጎ (NetLogo) ይበቃል። 1000 የባጃጅ ባለንብረት ፍጠሩና በ40 የባጃጅ ተራ ደልድሏቸው፤ እንደ አቶቴ፣ ሞኖፖልና ሪፈራል ባሉ የሀዋሳ ተራዎች ያለውን ትክክለኛ የባለንብረት ቁጥር ካወቃችሁ እሱን አስገቡ። እያንዳንዱን ከተራው 8 ሰው ጋር አገናኙ፤ ከትስስሮቹ 5 በመቶውን ወደ ሌላ ተራ አዙሩ፤ አለዚያ ወሬው ከተራው አይወጣም።

አንድ ዙር አንድ ሳምንት ነው። ያልገዛ ሰው በሳምንቱ የመግዛት ዕድሉ፦ ፒ + ኪው × ከሚያውቃቸው የገዙት ድርሻ። ፒ በራስ ተነሳሽነት፣ ኪው ሌላውን አይቶ መግዛትን ይወክላሉ። መነሻው አዲስ ምርት እንዴት እንደሚስፋፋ የሚያሰላው፣ የማርኬቲንግ ምሁሩ ፍራንክ ባስ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሞዴል ነው። በብዙ ምርቶች የታየው አማካይ ፒ 0.03፣ ኪው 0.38 ገደማ ሲሆን ሁለቱም የዓመት ናቸው፤ ለ52 ስታካፍሏቸው 0.0006 እና 0.0073 ይሆናሉ። ሥራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው፦ የዓመቱን ቁጥር ለሳምንት ከሰጣችሁ፣ በባስ ቀመር ስድስት ዓመት ገደማ የሚፈጀው የሽያጭ ጣሪያ በስድስት ሳምንት ይመጣል።

200 ጊዜ አሂዱት። ከዚያ ኪውን ዜሮ አድርጋችሁ 200 ጊዜ ድገሙ፤ ግን ፒን ወደ 0.0007 ከፍ አድርጉ፣ የገዢው ብዛት እንዲቀራረብ። በሁለቱም ከገዢዎቹ ስንቱ ቀድሞ የገዛ ሰው ያውቅ እንደነበር ቁጠሩ። ምልክታችሁ ይኼ ድርሻ ነው። በ26ኛው ሳምንት 16 ያህል ገዢ ብቻ ስለሚኖር ልዩነቱ አይለይም፤ 52 ሳምንት ጠብቁ።

ወደ ተራዎቹ ወርዳችሁ ባለንብረቶቹን ይህንኑ ጠይቁ። ያገኛችሁት ድርሻ ኪው ዜሮ ከሆነባቸው 200 ውስጥ ከ190ው ከበለጠ መቀዳዳት ጀምሯል ማለት ይቻላል። አምስት ባጃጅ የገዛ አንድ ሰው ግን አንድ ገዢ ነው፤ በባጃጅ ከቆጠራችሁ ሐሰተኛ ምልክት ይወጣል። ቻርጅ ማድረጊያ አጠገቡ ያለ ተራም እንዲሁ ያሳስታል፤ ሰዎቹ የሚገዙት ተያይተው ሳይሆን መሙያው ስለቀረባቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማነጻጸሪያው (ኪው ዜሮ በሆነበት) ሲሙሌሽን ላይ የእነዚህን ተራዎች ፒ ለብቻው ከፍ አድርጉ።

ኪውን ከእነዚህ ጥቂት ገዢዎች ለመገመት አትሞክሩ፤ ሽያጩ ጣሪያ ሳይደርስ የሚሰላ ግምት አዲስ መረጃ በመጣ ቁጥር ይዋዥቃል። ይልቅ በዓመት ከ0.3 እስከ 0.5 እያቀያየራችሁ ሲሙሌሽኑን አሂዱ፤ ምልክቱ በ0.5 ብቻ የሚታይ ከሆነ መረጃ መሰብሰቡን ቀጥሉ።